ዋሽንግተን በድራፍቱ ወደ ፊት ለመውጣት የመጪውን ዓመት ተራ ይስጥ ወይስ በ7ኛው ይቆይ?

ባለ ቡርገንዲና ወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው የውድድር ዘመን 5 ጨዋታ አሸንፎ 12 የተሸነፈው ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ፣ በኤፕሪል 2026 ፒትስበርግ ላይ በሚካሄደው ድራፍት 7ኛው ተራ ደርሶታል። ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው ሐሳብ ግን 7ኛ ሆኖ መጠበቅ አይበቃም፣ የ2027ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ጨምረን ሰጥተን ወደ 3ኛ ወይም ወደ 2ኛ እንውጣ የሚል ነው። ይህን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ነገሩን በቅርብ መከታተል ለጀመሩ ወገኖች ባጭሩ ለማስረዳት፣ ድራፍት 32ቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በ7 ዙር በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈው የዙሩ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ተራው ግን እንደ ማንኛውም ንብረት ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን ገና ያልደረሰው የመጪው ዓመት ተራም ጭምር።

በ2012 የሆነውን በዚህ አካባቢ የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ቡድናችን 6ኛውን ተራ ይዞ ሳለ፣ 2ኛውን ከያኔው ሴንት ሉዊስ ራምስ ለመውሰድ ሲል 6ኛውን፣ የዚያኑ ዓመት የሁለተኛ ዙር ተራውን ማለትም 39ኛውን፣ በዚያም ላይ የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ሰጠ። በዚህ ሁሉ የተገኘው ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው የሚባለው ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እጅግ ያማረ ነበር፤ ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አሸናፊ ሆነ፣ ግሪፊንም በማጥቃት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ በጃንዋሪ 2013 በሜዳችን ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር በተደረገው የፕሌይኦፍ፣ ማለትም ተሸናፊው በሚሰናበትበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አስቀድሞ የተጎዳ ጉልበቱን ይዞ ገባ። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ በራሳችን የጎል መስመር አጠገብ፣ ከመሐል የተወረወረችለት ኳስ ከእጁ አምልጣ መሬት ላይ ስትወድቅ ሊያነሣት ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው፣ ኳሷንም ሲያትሎች አነሷት፣ 24 ለ 14 ተሸነፍን።

እስከዚህ ያለውን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የእኔ ነጥብ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2013 ቡድኑ 3 ብቻ አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ በዚህ ክፉ ውጤት የተገኘው የ2014 2ኛ ተራ ግን አስቀድሞ ለራምስ ተሰጥቶ ስለነበር ለእኛ አልጠቀመንም። የመጪውን ዓመት ተራ የሚሰጥ ቡድን ዋጋውን ሳያውቅ ነው የሚፈርመው፤ ዋጋውን የሚወስነው ራሱ ወደፊት የሚያስመዘግበው ውጤት ነውና። የተመረጠው ተጫዋች ከተሳካለት የተሰጠው ተራ 28ኛ ወይም 30ኛ ሆኖ ይረክሳል፣ ካልተሳካለት ግን 2ኛ ሆኖ ይወደዳል። በሌላ አነጋገር ዕዳው የሚከብደው በወደቅንበት ጊዜ፣ ተራው ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገን ጊዜ ነው።

በዲሴምበር 2014 ራምስ ወደ ላንዶቨር መጥተው ሲጫወቱ፣ ሳንቲም በሚጣልበት ሰዓት አሠልጣኛቸው ጄፍ ፊሸር አምበል አድርገው ወደ ሜዳው መሐል የላኩት ከእኛ በወሰዷቸው ተራዎች ያገኟቸውን ተጫዋቾች ነበር። በመደዳ ቆመው ሳንቲሙን ሲጠብቁ ያየ ደጋፊ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ጨዋታው 24 ለ 0 አለቀ።

የአሌክሳንድሪያው

ወንድሜ ባለ ቡርገንዲ፣ ጽሑፍዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። በ2012 የወደቀው ሰውየውን ለማግኘት የተወሰደው ውሳኔ አይደለም፤ የወደቀው ከዚያ በኋላ የተደረገለት አያያዝ ነው። ያ ጉልበት በዚያ ሜዳ ላይ ያን ቀን ባይገባ ኖሮ ዛሬ ስለ ዋጋው መወደድ የሚያነሣ ሰው አይኖርም ነበር። አንድ ጉዳት ያበላሸውን ነገር እንደ ሕግ አድርጎ መጥቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ ይልቅ ካንሳስ ሲቲን እንመልከት። በ2017 27ኛውን ተራ ይዘው ነበር፤ 27ኛውን፣ የሦስተኛ ዙር ተራቸውን 91ኛውንና የ2018ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ለቡፋሎ ሰጥተው ወደ 10ኛ ወጡና ኳርተርባኩን ፓትሪክ ማሆምስን መረጡ። ከዚያ ወዲያ ከእርሱ ጋር ሱፐር ቦውል እንዳሸነፉ ማንም ያውቀዋል። ባሉበት ተቀምጠው ቢጠብቁ ኖሮ ማሆምስ 27ኛ ድረስ አይደርስላቸውም ነበር። አንዳንድ ተጫዋች ሲመጣ ሊከፈልበት ይገባል፤ በየዓመቱ «ዋጋው ውድ ነው» እያለ የሚያልፍ ቡድን በየዓመቱ መካከለኛ ሆኖ ይቀራል።

የሒሳብ መምህር

ሁለታችሁም ስለ ዋጋ ስለምትናገሩ ቁጥሩን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ቡድኖች ተራ ሲለዋወጡ ለረጅም ዘመን መነሻ ያደረጉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጂሚ ጆንሰን ዘመን ዳላስ ውስጥ የተዘጋጀውን የነጥብ ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ 1ኛው ተራ 3000 ነጥብ ነው፣ 2ኛው 2600፣ 3ኛው 2200፣ 6ኛው 1600፣ 7ኛው 1500፣ 10ኛው 1300፤ የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ተራ 32ኛው 590 ነው። ዛሬ ብዙ ቡድኖች የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፣ ነገር ግን ለውይይታችን ይህ ይበቃል።

በ2012 ዋሽንግተን 2600 ነጥብ ተቀበለ። በዕለቱ በእጁ ከነበረው የሰጠው 1600 እና 510 ማለትም 2110 ሲሆን፣ የጎደለውን 490 በሁለት የወደፊት ተራዎች ሞላው። እነዚያ ሁለት ተራዎች በኋላ ምን ሆኑ? የ2013ቱ 22ኛ ሆነ፣ ይኸውም 780 ነጥብ ነው፤ የ2014ቱ ደግሞ 2ኛ ሆነ፣ ይኸውም 2600። ሁሉም ሲደመር የተከፈለው 5490 ነጥብ ነው፣ የተቀበልነው 2600። የ2014ቱ ተራ ብቻውን የገዛነውን ተራ ያህል ነበረ።

የካንሳስ ሲቲን ብንወስድ የሰጡት 680፣ 136፣ በኋላም 22ኛ ሆኖ የወጣው የ2018 ተራ 780 ነጥብ ነው፤ ድምሩ 1596። የተቀበሉት 1300 ነው። የከፈሉት ከተቀበሉት የሚበልጠው በ300 ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ባለ ቡርገንዲ እንዳሉት ልዩነቱ የመጣው ከወደፊቱ ተራ ነው። ካንሳስ ሲቲ በ2016 12 አሸንፎ 4 የተሸነፈ ቡድን ነበር፤ አሌክስ ስሚዝ የሚባል ብቁ ኳርተርባክ ስለነበረው ማሆምስን አንድ ዓመት ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አስቀምጦ ማሳደግ ቻለ። ማሆምስ ምንም ባይሆን ኖሮ እንኳ የሚሰጡት ተራ ወደ 20ዎቹ እንደሚያዘነብል መገመት ይቻል ነበር። እኛ ግን ዛሬ የ5 ለ 12 ቡድን ነን።

አሁን የእኛን እናስላ። ከ7ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት 700 ነጥብ ያስፈልገናል። በተለምዶ ይህን የሚሞላው የሁለተኛው ዙር ተራ ነው፤ የ2026ን ሁለተኛ ዙር ግን ኳርተርባካችንን ከፊት ለሚከላከለው ለላረሚ ተንሲል ስንል ለሂዩስተን ሰጥተነዋል፣ አራተኛውንም እንዲሁ። የሦስተኛው ዙር ተራ 235 ገደማ ነው። ስለዚህ 465 ነጥብ ይጎድለናል፤ ይህን ያህል ደግሞ ከ2027 የመጀመሪያ ዙር በቀር ከየትም አይገኝም።

አዲስ ተመልካች (ላውረል)

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጄይደን ዳንኤልስ እያለን ኳርተርባክ አንፈልግም። ታዲያ ወደ ፊት የምንወጣው ማንን ለማምጣት ነው?

የአሌክሳንድሪያው

ጥያቄው ተገቢ ነው። የምንፈልገው የተቃራኒን ኳርተርባክ የሚያሳድድ የዳር ተከላካይ ነው። በጃንዋሪ 2025 ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረን ፊላደልፊያ ላይ 55 ለ 23 የተሸነፍነው ዳንኤልስ ስላነሰን አልነበረም፤ ማጥቃታቸውን የሚያቆም ሰው ስላልነበረን ነው። ዳንኤልስ ደግሞ በመጀመሪያ ኮንትራቱ ላይ ነው ያለው፤ 4 ዓመት፣ 37 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ትልልቆቹ ኳርተርባኮች በአንድ ዓመት ከዚህ በላይ የሚያገኙበት ዘመን ነው። ቡድኑ ገንዘብ ያለው፣ ዕድሉም የተከፈተው አሁን ነው። በ2028 ወይም በ2029 ጥሩ ሰው ብናገኝ የዳንኤልስ ደመወዝ ያኔ ጣሪያ ነክቶ ይቆየናል።

ምሳሌም አለኝ። ሂዩስተን በ2022 ከእኛ የባሰ ቡድን ነበር፤ 3 ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፈው። በ2023 ድራፍት በ2ኛው ተራ ሲ ጄ ስትራውድን መረጠና ወዲያው 12ኛውን፣ 33ኛውን፣ የ2024ን የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር ተራ ለአሪዞና ሰጥቶ 3ኛውን ከ105ኛው ጋር ተቀበለ፤ በ3ኛውም ዊል አንደርሰንን መረጠ። በዚያው ዓመት ስትራውድ በማጥቃት፣ አንደርሰን በመከላከል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋቾች ሆኑ፤ ቡድኑም 10 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። ወጣት ኳርተርባክ ያለው ደካማ ቡድን ለተከላካይ ከፍሎ ወደ ፊት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ባለ ቡርገንዲና ወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የሂዩስተን ምሳሌ ከቀረቡት ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልመልስበት።

ሂዩስተን ያን ጊዜ ዴሾን ዋትሰንን ለክሊቭላንድ ሰጥቶ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ተቀብሎ ነበር። ለአሪዞና የሰጡት 12ኛው ተራ ራሱ የክሊቭላንድ ነበር። የ2024ን የራሳቸውን ተራ ሲሰጡም የክሊቭላንድ የ2024 ተራ በካዝናቸው ተቀምጦ ነበር። ስትራውድ ባይሳካለት፣ አንደርሰን ቢጎዳ፣ ቡድኑ እንደገና 3 ጨዋታ ብቻ ቢያሸንፍ፣ ቢያንስ ሌላ የመጀመሪያ ዙር ተራ ይዘው ይቀርቡ ነበር። ከትርፋቸው ነው የሰጡት። እኛ ግን የሒሳብ መምህሩ እንዳሳዩን ሁለተኛው ዙር የለንም፣ አራተኛው የለንም፣ ከሌላ ቡድን የተቀበልነው የመጀመሪያ ዙር ተራም የለንም። የምንሰጠው ለክፉ ቀን ያስቀመጥነውን ነው።

በዚያው ዓመት በዚያው ድራፍት ትርፍ ያልነበረው ቡድን ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። ካሮላይና ከ9ኛ ወደ 1ኛ ለመውጣት 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024ን የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025ን ሁለተኛ ዙርና ዲጄ ሙርን ለቺካጎ ሰጠ። ሙር በወቅቱ የቡድኑ ዋና ሪሲቨር ነበር፤ ስለዚህ ካሮላይና ኳርተርባኩን ብራይስ ያንግን ሲመርጥ ኳሱን የሚቀበልለትን ሰው አብሮ ሸጦ ነበር። ቡድኑ 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፣ የሰጠው ተራ 1ኛ ሆነ፣ ቺካጎም በዚያ ተራ ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠ። የያንግን የመጀመሪያ ዓመት ያየ ሰው ጥፋቱን በልጁ ላይ ብቻ ሊጥል አይችልም። ወደ ፊት ለመውጣት የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከተመረጠው ልጅ ዙሪያ ነው፤ ከፊት ከሚከላከልለት፣ ኳሱን ከሚቀበልለት፣ ሲጎዳ ከሚተካው።

ጋሽ ተራ ጠባቂ (አርሊንግተን)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ ይህን ቡድን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስለምከታተል፣ 2012ን ብቻ ስታነሡ የ1999ኙ መቅረት የለበትም ብዬ ነው የምጽፈው፤ ያኔ በተቃራኒው ወገን የነበርነው እኛ ነንና።

በ1999 ድራፍት 5ኛው ተራ የእኛ ነበር። የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ሪኪ ዊሊያምስ የሚባለውን ሯጭ እጅግ ስለፈለጉት፣ ቡድናቸው በዚያ ዓመት የነበረውን ተራ በሙሉ፣ በተጨማሪም የ2000ን የመጀመሪያና የሦስተኛ ዙር ተራ ሰጥቶ 5ኛውን ከእኛ ወሰደ። የእኛ ሰዎች ያገኙትን ይዘው ከ12ኛ ወደ 7ኛ ወጡና ቻምፕ ቤይሊን መረጡ። ኒው ኦርሊንስ በዚያ ዓመት 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ ዲትካም ተሰናበቱ፣ የሰጡን የ2000 ተራም 2ኛ ሆኖ ወጣ፤ እኛም ላቫር አሪንግተንን መረጥንበት።

አስተውሉ፤ በ1999 ኒው ኦርሊንስ 3 ለ 13፣ የሰጠው ተራ 2ኛ። በ2013 ዋሽንግተን 3 ለ 13፣ የሰጠው ተራ 2ኛ። ያው ውጤት፣ ያው ተራ። የመጀመሪያው ሲሆን ተጠቃሚዎቹ እኛ ነበርን፣ በ13 ዓመት ጊዜ ውስጥ ግን ረስተነው ያንኑ ስህተት እኛው ፈጸምነው። ልጅ የአሌክሳንድሪያው፣ ስለ ጉልበቱ ያልኸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዊሊያምስም በመጀመሪያው ዓመት ተጎድቶ ነበር። በዚህ ጨዋታ ጉዳት ያልታሰበ አደጋ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ብቻ የሚያዋጣ ግብይት መጀመሪያውኑ አያዋጣም።

የዳላሱ

ከሌላው ሰፈር ብሆንም ፈቃዳችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ትልቅ ዝላይ ነው። ዳላስ በ1990 21ኛውን ተራ ከአንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ጋር ለፒትስበርግ ሰጥቶ 17ኛውን ወሰደ፤ በዚያም የመረጠው ኤሚት ስሚዝን ነው፤ በሊጉ ታሪክ በሩጫ ብዙ ያርድ በመሸፈን እስከ ዛሬ የሚቀድመው የለም። አራት ደረጃ፣ አንድ ሦስተኛ ዙር፣ የወደፊት ተራ ሳይነካ። «ወደ ፊት መውጣት» በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየጠራችሁ ይመስለኛል።

ኮሎምቢያ ፓይክ

የዳላሱ ትክክል ነው። ጎረቤታችን ባልቲሞር በ2018 ያደረገውም ይኸው ነው። መጀመሪያ ከ16ኛ ወደ 22ኛ፣ ከዚያ ከ22ኛ ወደ 25ኛ ወደ ኋላ እየሄደ ተራ አጠራቀመ። በዚያው ምሽት መጨረሻ ላይ ደግሞ 52ኛውን፣ 125ኛውንና የ2019ን ሁለተኛ ዙር ለፊላደልፊያ ሰጥቶ 32ኛውን ከ132ኛው ጋር ወሰደና ላማር ጃክሰንን መረጠ። ላማር የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን በ2019 እና በ2023 አግኝቷል። በነገራችን ላይ ባልቲሞር ከቡፋሎ የተቀበለው ያ 22ኛ ተራ ካንሳስ ሲቲ ለማሆምስ የከፈለው ተራ ነው፤ አንዱ የሰጠው ተራ በሌላው እጅ እየዞረ የት እንደሚደርስ ለሚከታተል ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው።

ለእኔ ትልቁ ነጥብ ባልቲሞር ወደ ፊት የወጣው አስቀድሞ ወደ ኋላ ሄዶ ባጠራቀመው መሆኑ ነው።

እህት ከፎልስ ቸርች

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ የመጪው ዓመት ተራ የሚተመንበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በሊጉ ልማድ የመጪው ዓመት ተራ በአንድ ዙር ዝቅ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው፤ የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ዙር የዘንድሮን ሁለተኛ ዙር ያህል ብቻ ዋጋ ይሰጠዋል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን ይህን አጥንተው ቡድኖቹ በዚህ ልማድ የሚከፍሉት ወለድ በዓመት ከ100 በመቶ በላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ናቸው። በእቁብ ቢሆን ኖሮ ዕጣው ለደረሰው ሰው እንዲህ ያለ ትርፍ ከፍሎ ተራውን የሚገዛ አባል ቤቱ ምን ቸግሮት ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

እነዚሁ ምሁራን ሌላም ነገር አሳይተዋል። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱት መካከል ቀድሞ የተመረጠው ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ከግማሽ ጊዜ ብዙም በማይበልጥ ነው። ማለትም 3ኛ ሆኖ የሚመረጠው የዳር ተከላካይና 7ኛ ላይ የሚጠብቀን ቀጣዩ የዳር ተከላካይ ማን እንደሚበልጥ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ቺካጎ በ2017 67ኛውን፣ 111ኛውንና የ2018ን ሦስተኛ ዙር ጨምሮ ሰጥቶ ከ3ኛ ወደ 2ኛ አንድ ደረጃ ብቻ ወጣ፤ የመረጠውም ኳርተርባኩን ሚቸል ትሩቢስኪን ነው። ማሆምስ 10ኛ ድረስ ሳይመረጥ ነበር።

ወንድሜ የአሌክሳንድሪያው ስለ ዳንኤልስ ኮንትራት ያነሡት ነጥብ በእኔ አመለካከት ወደ ተቃራኒው ያመራል። በሊጉ ደንብ አዲስ ተጫዋች ከሦስተኛ የውድድር ዘመኑ በኋላ አዲስ ኮንትራት መደራደር ይችላል፤ ለዳንኤልስ ይህ ማለት ከ2026 የውድድር ዘመን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን የሚወስነው የደመወዝ ጣሪያ ትልቅ ድርሻ በአንድ ሰው ይያዛል። ያን ጊዜ ቡድኑን የሚያቆመው በርካሽ ኮንትራት የሚጫወት ወጣት ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚገኘው በድራፍት ብቻ ነው። የ2027 የመጀመሪያ ዙር ተራ እስከ 2030 ድረስ በርካሽ፣ ቡድኑ ኮንትራቱን ለማራዘም ባለው የአምስተኛ ዓመት አማራጭም እስከ 2031 የሚያገለግል ተጫዋች ማለት ነው። ዛሬ የምንሰጠው ዳንኤልስ ውድ በሚሆንበት ጊዜ ከአጠገቡ የሚቆመውን ሰው ነው።

የአሌክሳንድሪያው

እህቴ፣ ስለ 2027 ተራ የጻፉት በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ነገር ግን ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ስለ አንድ ሰው ነው። አትላንታ በ2011 ከ27ኛ ወደ 6ኛ ለመውጣት 27ኛውን፣ 59ኛውን፣ 124ኛውን፣ የ2012ን የመጀመሪያና የአራተኛ ዙር ተራ ለክሊቭላንድ ሰጥቶ ሁሊዮ ጆንስን መረጠ። ክሊቭላንድ በእነዚያ አምስት ተራዎች አንድ ጆንስን የሚያህል ሰው አላገኘም። አምስት መካከለኛ ተጫዋቾች ተደምረው አንድ ታላቅ ተጫዋች አይሆኑም፤ ሜዳ ላይ የሚሰለፉት 11 ብቻ ናቸውና።

የሒሳብ መምህር

አትላንታም በ2010 13 አሸንፎ 3 የተሸነፈ ቡድን ነበር። እንደ ካንሳስ ሲቲ ሁሉ የሰጠው የወደፊት ተራ 22ኛ ሆኖ ነው የወጣው። ምሳሌዎቹ በተጨመሩ ቁጥር ተሳክቶላቸው የምናየው አስቀድመው የጠነከሩት ቡድኖች ናቸው።

አዲስ ተመልካች (ላውረል)

ቡድኑን የሚመሩት አዳም ፒተርስ በዚህ ነገር ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ከዚህ በፊት እንዲህ አድርገዋል?

ኮሎምቢያ ፓይክ

ፒተርስ ወደዚህ የመጡት በጃንዋሪ 2024 ከሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 12ኛውን፣ የ2022ንና የ2023ን የመጀመሪያ ዙር፣ በተጨማሪም አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ለማያሚ ሰጥቶ በ3ኛው ተራ ኳርተርባኩን ትሬይ ላንስን ሲመርጥ እርሳቸው በዚያ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ላንስ ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ በአንድ የአራተኛ ዙር ተራ ለዳላስ ተሸጠ። ቡድኑን እስከ ሱፐር ቦውል ያደረሰው በ2022 የመጨረሻ ሆኖ በ262ኛ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያን ኪሳራ የተሸከመው ዙሪያው በሙሉ የተሟላ ቡድን ስለነበረው ነው።

እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ድራፍታቸው ዳንኤልስን በራሳችን 2ኛ ተራ መረጡ፤ አንድም ነገር አልተከፈለበትም። በሁለተኛው ዙር 40ኛውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ከፊላደልፊያ 50ኛውንና 53ኛውን ተቀበሉ፣ በ50ኛው ማይክ ሳይንሪስቲልን አገኙ። በዚያው ዓመት ከ4 ለ 13 ወደ 12 ለ 5 የዞረው ቡድን እንዲህ ነው የተሠራው።

ባለ ቡርገንዲና ወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ የ1999ኙን ስላነሡልን ከልብ አመሰግናለሁ። የዳላሱ ስለ ትንንሽ እርምጃ ያለውም አቋሜን እንዳጠራ ረድቶኛል። የምቃወመው ወደ ፊት መውጣትን በጠቅላላው አይደለም፤ የምቃወመው የመጪውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራ መንካትን ነው። የሦስተኛውን ዙር ጨምረን ከ7ኛ ወደ 6ኛ ወይም ወደ 5ኛ ብንወጣ፣ የምንፈልገውን ሰው ሌላ ቡድን ሊወስደው እንደሆነ በእርግጥ ካወቅን፣ አልቃወምም። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ለእኔ የተዘጋ ነው።

ስልኩ ከደወለ ደግሞ እኔ የምመኘው ከኋላችን ያለ ቡድን ኳርተርባክ ፈልጎ ወደ 7ኛ ለመውጣት እንዲደውል ነው። ከ7ኛ ወደ 12ኛ ብንወርድ በሠንጠረዡ 300 ነጥብ ይገባናል፤ ይህ የሁለተኛ ዙር መጨረሻ አካባቢ ያለ ተራ ነው፣ ለተንሲል የሰጠነውን በከፊል ይመልስልናል። 5 ብቻ ያሸነፈ ቡድን የሚጎድለው አንድ ሰው አይደለም። ዳንኤልስ ክርኑ ተጎድቶ ከሜዳ በወጣባቸው ሳምንታት በመከላከል ክፍላችን ላይ በየጨዋታው የተቆጠረውን ያየ ሰው ክፍተቱ የት የት እንዳለ መቁጠር ይችላል።

የአሌክሳንድሪያው

ወደ ኋላ መውረዱን እስከ 10ኛ ድረስ እቀበላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የዳር ተከላካዮች ያልቃሉ የሚል ሥጋት አለኝ። የ2027ን ተራ በተመለከተ ግን አቋሜን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው የምለውጠው። ሻጩ ቡድን ተራውን «ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ከሆነ አይሰጥም፣ ወደ 2028 ይተላለፋል» በሚል ውል ቢቀበል፣ ባለ ቡርገንዲ የፈሩት አደጋ ይቀራልና ያኔ ትቃወማላችሁ?

የሒሳብ መምህር

በቅርጫት ኳስ ሊግ እንዲህ ያለ ውል የተለመደ ነው፤ በእግር ኳሱ ግን ቡድኖች የመጀመሪያ ዙር ተራቸውን በዚህ መልክ አስጠብቀው ሲሸጡ አይታይም። ቢቻል ኖሮ ሻጩ በምላሹ ሌላ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ እኛ ደግሞ የምንጨምረው የለንም። 465ቱ ነጥብ እንደጎደለ ነው።

ባለ ቡርገንዲና ወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በዚያ ውል ቢሆን ኖሮ አልቃወምም ነበር፤ የምፈራው 2ኛ ሆኖ የሚወጣውን ተራ ነው እንጂ 25ኛውን አይደለም። እንዲህ ያለ ውል እስካልመጣ ድረስ ግን በ7ኛው ተራ እንቆይ።